የአሮጌ መኪና ኤሲ፦ «ጋዝ አስሞላው» ከመባሉ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የኤሲ መበላሸት ብዙም አያስጨንቅም። ወደ አዳማ፣ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወረድ ነው ጉድ የሚፈላው። ያኔ የሁሉም ሰው ምክር አንድ ነው፤ «ጋዝ አልቆ ነው፣ አስሞላው»። ብዙ ብር የሚያስበላው ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«ጋዝ በየዓመቱ ያልቃል»

የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በዝግ መስመር ውስጥ ሲዞር ነው የሚኖረው። ሃያ ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ኮሮላ ላይ በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው። ተሞልቶ በወሩ ሙቅ አየር መንፋት ከጀመረ ግን የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ያ ቦታ ሳይገኝ ደግሞ ደጋግሞ ማስሞላት ገንዘብ መበተን ነው።

ፍለጋው በዓይን ይጀመራል። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋውን ፓምፕ) ዘይት ትንሽ ይዞ ይወጣል። ኮፈኑን ክፈቱና ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ፣ ከራዲያተሩ ፊት ሆኖ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጪ የሚያወጣውን ኮንደንሰርና የኮምፕረሰሩን ፊት እዩ። አቧራ የለጠፈ የዘይት ወዝ ካያችሁ ሞተሩ ጠፍቶ የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ እየነፋ ከመጣ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ከጥገና በኋላ መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት መመጠጥ አለበት፣ አለበለዚያ አየርና እርጥበት ውስጥ ይቀራል።

«ሲበዛ የበለጠ ይቀዘቅዛል» የሚሉም አሉ። በጭራሽ! ሲበዛ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ኮምፕረሰሩም ይጎዳል። ልኩ በግራም ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር ተለጥፎ ይገኛል። የምድጃ ጋዝ ልሙላልህ የሚላችሁ ካለ ደግሞ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ። ተቀጣጣይ ነገር ነው፣ ካፈሰሰ እናንተ የተቀመጣችሁበት ድረስ ሊገባ ይችላል።

«ኮምፕረሰሩ አይነሳም፣ ሞቷል»

ውዱ ዕቃ እሱ ስለሆነ ፍርዱ አይቸኩል። ጋዝ ሲያንስ የግፊት ስዊቹ ራሱ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሳ ያደርገዋል፣ ማለትም ከጉዳት እየጠበቀው ነው። ፊውዙ ወይም ሪሌዩ (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ተበላሽቶም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ኤሲውን ክፈቱና እጃችሁንም ልብሳችሁንም ከቺንጋው አርቃችሁ ኮምፕረሰሩን ከፊት ተመልከቱ። የውጪው ፑሊ ሁሌም ይዞራል። መሃል ያለው ሳህን (የኮምፕረሰሩ ክላች) ቀጭ ብሎ አብሮ መዞር አለበት። ጠዋት ይዞ ሞተር ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ የክላቹ ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ኮምፕረሰር ሳይቀየር የሚስተካከል ነገር ነው።

ሲሄድ ቀዝቅዞ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ኤሲም ወዲያው ጋዝ አይሰጠው። መጀመሪያ የኮንደንሰሩ ፋን መዞሩን፣ ኮንደንሰሩም በጭቃና በአቧራ አለመደፈኑን እዩ። የውስጡ ፋን በመጨረሻው ቁጥር ብቻ የሚነፋ ከሆነም ፋኑ ደህና ነው። የተቃጠለው ብዙ ጊዜ የፋኑን ፍጥነት የሚቀንሰው ሬዚስተር ነው፣ ትንሽ ዕቃ ናት።

«ቴርሞስታት ለእኛ አገር አያስፈልግም»

ይሄ ያናድደኛል። ሞተር በሞቀ ቁጥር ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው ዕቃ) ተነቅሎ ይጣላል፣ የሞቀበት ምክንያት ግን (የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ፣ ያረጀ ክዳን) እዚያው ይቀራል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ የኅዳር ጠዋት ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሂተሩም ለብ ያለ አየር ብቻ ይነፋል። ከዚያ «ሂተሩ ተበላሽቷል» ተብሎ ዳሽቦርድ ይፈታል! ሂተር ቀዝቃዛ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ኩላንቱን (የራዲያተሩን ፈሳሽ)፣ ቀጥሎ ቴርሞስታቱን አሳዩ። ሂተር ነዳጅ ይጨርሳል የሚባለውም ልክ አይደለም፣ የሚጠቀመው ሞተሩ የሚጥለውን ሙቀት ነው።

«ከሥር ውሃ ያንጠባጥባል»

ኤሲ ሲሠራ ንጹህ ውሃ ቢንጠባጠብ ጤና ነው። ውሃው መኪናው ውስጥ ምንጣፉ ላይ ከሆነ ማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል። የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ መስታወቱም በቅባት ከደበዘዘ፣ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው፤ ይሄኛው ለነገ አይባልም፣ ኩላንት ሲያልቅ ሞተር ይበላሻል።

«በክረምት ኤሲ አይከፈትም»

ሐምሌ ላይ መስታወት በእንፋሎት ሲሸፈን በጨርቅ እየጠረጉ መንዳት አደጋ ነው። ኤሲ አየሩን ያደርቃል። ሙቀቱን ከፍ፣ ኤሲውን ክፍት አድርጋችሁ ወደ መስታወቱ ንፉት፣ አየሩም ከውጪ ይግባ። ለኤሲውም ይጠቅመዋል። ወራት ሙሉ ሳይነካ የቆመ ኮምፕረሰር ማሸጊያው ይደርቅና ማፍሰስ ይጀምራል፣ በወር አንዴ አሥር ደቂቃ ቢሠራ ዘይቱ ይዳረሳል።