«ስፐርም የለህም» ሲባል፦ የሚወራውና እውነታው

የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ዜሮ» ሲያይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ የሚከት ወንድ ብዙ ነው። ለሚስቱም አይነግራትም። ችግሩ አዞስፐርሚያ ይባላል፤ በዘር ፈሳሽ ውስጥ ስፐርም አለመገኘት ነው። ከ100 ወንዶች 1 ያህሉ ላይ ይታያል።

«ፈሳሽ እየወጣ እንዴት ስፐርም የለም ይባላል?»

ይባላል። አብዛኛው ፈሳሽ የሚመጣው ከፕሮስቴትና ከሌሎች ዕጢዎች ነው፤ የስፐርም ድርሻ ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይለይም። የአልጋ ላይ ብርታትም ሌላ ጉዳይ ነው።

«አንዴ ዜሮ ከወጣ አለቀ።»

በአንድ ውጤት አይፈረድም። ምርመራው ይደገማል፤ ናሙናው በሴንትሪፉጅ ተሽከርክሮ ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፦ ስፐርሙ አልተመረተም ወይስ መውጫ አጣ? ሐኪሙ የዘር ፍሬውን በእጁ ዳስሶ መጠኑን ያያል፤ ኤፍኤስኤች የተባለውን፣ ስፐርም እንዲመረት ከአንጎል ሥር የሚላከውን ሆርሞንም በደም ያስለካል። ፍሬው ትንሽ ሆኖ ኤፍኤስኤች ከፍ ካለ ችግሩ ከማምረቱ ነው። ሁለቱም ደህና ከሆኑ መዘጋት ይጠረጠራል፤ ሳይታከም የቆየ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል።

«የወንድ ሆርሞን ቢወጋ ይስተካከላል።»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ መፍትሔ እየመሰለ ያባብሳልና። ቴስቶስተሮን ከውጭ ሲገባ አንጎል «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል። ስፐርም ማምረቱም አብሮ ይቆማል። ጂም ቤት ለጡንቻ ተብሎ የሚወጋው ስቴሮይድም ያው ነው። ሲተውት ብዙዎች ላይ ይመለሳል፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። አንድ ስፐርም ተመርቶ እስኪያልቅ ብቻ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይወስዳል። በመርፌ በደንብ የሚታከሙ ወንዶችም አሉ፤ ከመጀመሪያውም ትእዛዙ ከአንጎል ያልደረሳቸው ናቸው። የእነሱ መርፌ ግን ትእዛዙን የሚተኩት ሆርሞኖች፣ ኤችሲጂና ኤፍኤስኤች፣ እንጂ ቴስቶስተሮን አይደለም።

«ጥቁር አዝሙድ በማር።»

ለጉንፋን ይሁን። የተዘጋ ቱቦ በማር አይከፈትም።

«ከእንግዲህ የራሱን ልጅ አይወልድም።»

መዘጋት ከሆነ ቱቦው በቀዶ ጥገና ሊቀጠል ይችላል። ካልሆነም ስፐርሙ ከዘር ፍሬው በመርፌ ተቀድቶ፣ ኢክሲ በተባለው ዘዴ ላብራቶሪ ውስጥ አንዱ ስፐርም በቀጭን መርፌ የሚስቱ እንቁላል ውስጥ ይገባል፤ ዘዴው ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራበታል። ማምረት ላይ ችግር ላለበትም ማይክሮ ቴሴ አለ። ሐኪሙ የዘር ፍሬውን ከፍቶ፣ በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ወፈር ያሉትን ጥቃቅን ቱቦዎች ለቅሞ ያወጣል። ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ስፐርም ይገኛል፤ ክላይንፌልተር ያለባቸው፣ ማለትም ትርፍ ኤክስ ክሮሞሶም ይዘው የተወለዱት ላይም ሳይቀር። የማይሆንለትም አለ። ወንዶች ብቻ ባላቸው ዋይ ክሮሞሶም ላይ ኤዜድኤፍኤ ወይም ኤዜድኤፍቢ የተባለው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከጎደለ መቀደዱ ትርፉ ሕመም ነው። ለዚህ ነው የጄኔቲክ ምርመራው ከቀዶ ጥገናው መቅደም ያለበት።

«መጀመሪያ እሷ ትመርመር።»

ለምን? እሷ አልትራሳውንድ፣ የሆርሞንና የማህፀን ቱቦ ምርመራ እያለች ስትመላለስ ዕድሜዋ ይሄዳል፤ የኢክሲ ውጤት ደግሞ በእሷ ዕድሜ ላይ በጣም ይወሰናል። ከእሱ የሚፈለገው ከ2 እስከ 7 ቀን ዘር ከማፍሰስ ታቅቦ ብልቃጥ ውስጥ ናሙና መስጠት ነው።