ሻርክና ከድሬዳዋ የሚወርድ ዋናተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ተቀምጦ ባሕር ያማረው ሰው መንገዱ ወደ ጅቡቲ ነው፤ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በተለይ በአርታ የባሕር ዳርቻ አካባቢ፣ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ አብሯቸው ለመዋኘት የሚወርደውም ሰው ይበዛል። ጉዞው ሲታሰብ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የሚሰጠው ምክር ግን ግማሹ ከፊልም የተቀዳ ነው፤ ግማሹ ደግሞ እግሩን ጨው ውኃ ነክቶት ከማያውቅ ሰው የሚመጣ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ሻርክ ያለበት ባሕር የገባ ሰው አይመለስም»

ከ500 የሚበልጡ የሻርክ ዝርያዎች አሉ። ሰው በመግደል በተደጋጋሚ ስማቸው የሚመዘገበው ሦስቱ ናቸው፦ ታላቁ ነጭ ሻርክ፣ ታይገር ሻርክ እና ቡል ሻርክ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም የሚይዘው ዓለም አቀፍ መዝገብ እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ሰዎች ሳይተነኩሱት ሻርክ የነከሳቸው በመላው ዓለም 69 ነበሩ፤ ከእነሱ የሞቱት 10 ናቸው። በ2024 ቁጥሩ ወደ 47 ወርዷል፤ የሞቱት 4 ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው ሰምጦ እንደሞተ ይገምታል።

«ሻርክ ካለበት የሚዋኘው ሰው ስንት ሆነና ነው?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የፍሎሪዳና የአውስትራሊያ ዳርቻዎች በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ዋናተኛ የሚገባባቸው፣ ሻርክም የማይጠፋባቸው ናቸው።

እኛ ደግሞ ውኃ ሰው ሲገድል ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደረቁን አሸዋ ግን ዛሬም ሳንሳቀቅ እናቋርጠዋለን። የሻርክ ስም ሲነሳ የሚርበደበደው ሰው ብዙ ጊዜ መዋኘት የማይችል ነው፤ ከጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬቱን አውልቆ ፎቶ የሚነሳውም እሱው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሻርኩ ከጭንቀቶቹ ሁሉ የመጨረሻው መሆን ነበረበት።

«ዌል ሻርክ ሰው ይውጣል»

አፉን ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። የሌሎች ሻርኮች አፍ ከአፍንጫቸው በታች ሲሆን የዌል ሻርክ ግን ከጭንቅላቱ ጫፍ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነው። በአፉ ውኃ ያስገባል፤ ውኃው በስንጥቦቹ በኩል ሲወጣ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳትና የዓሣ እንቁላል ተጣርተው ይቀሩለታል። ጥርሶቹ በሺህ የሚቆጠሩ ቢሆኑም ደቃቃ ናቸው፤ ጉሮሮውም ሰው አያሳልፍም። ያደገው ከ12 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ጅቡቲ ላይ የሚሰበሰቡት ግን በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሜትር የሚሆኑ ለጋ ወንዶች ናቸው።

የሚያስጠነቅቀው ጅራቱ ነው። ጅራቱ ወደ ላይና ወደ ታች አይሄድም፤ ወደ ጎንና ጎን ይወዛወዛል። ከላይ ለሚያየው ቀርፋፋ ይመስላል፤ ተጠግቶ የተመታ ግን መነጽሩና የመተንፈሻ ቱቦው ከፊቱ ይፈናቀላሉ። ስለዚህ ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ በብዙ አገር የተለመደ ደንብ ነው። መንካት፣ ክንፉን ይዞ መንሳፈፍ፣ ከፊቱ መዝለል የለም። ጀርባው ላይ የተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች በእያንዳንዱ ላይ የተለያዩ ስለሆኑ ተመራማሪዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በፎቶ ነው። ከጎን ያነሳችሁት ጥርት ያለ ፎቶ ጥቅም ሊኖረው ይችላል፤ ጀርባው ላይ ተቀምጦ የተነሱት ግን ነውር ነው።

«አንድ ጠብታ ደም ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይጠራዋል»

ሻርክ ጥሩ አሽታች መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና ሽታ በባሕር ውስጥ የሚሄደው የውኃው ፍሰት ወደወሰደው አቅጣጫና በወሰደው ፍጥነት ነው፤ እየራቀም ይሳሳል። ሻርክን ከሌሎች ዓሦች ጋር ያነጻጸረ ምርመራም ልዩ ብልጫ አላገኘበትም።

ከዚህ ወሬ የተወለደ ሌላም አለ፦ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ባሕር እንዳትገባ የሚከለክል። ለዚህ ምንም ማስረጃ የለም። እንዲያውም በመዝገቡ ከተነከሱት የሚበዙት ወንዶች ናቸው። እህቶቻችንን መምከር የፈለገ ሰው የአንገትና የጆሮ ወርቃቸውን ሆቴል እንዲተዉ ይምከር። የሚያብለጨልጭ ጌጥ የዓሣ ቅርፊት ሊመስል ይችላልና። ለወርቁም ቢሆን ይሻላል።

በጦር የወጋውን ዓሣ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ የሚዋኝ ዓሣ አጥማጅ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። እሱ በእርግጥ እራት ይዞ ነው የሚዞረው።

«ዶልፊን ካለ ሻርክ የለም»

ሁለቱም አንድ ዓይነት ዓሣ ተከትለው አንድ ቦታ ሊገኙ ይችላሉ።

«የሐረር ጅብ ከእጅ እየበላ የለ እንዴ? ሻርክም በማብላት ይለመዳል»

ይህኛው ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም የእኛው ሰው የሚኮራበትን ነገር ይዞ ይመጣል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ሲመሽ ጅብ የሚያበላው ሰው እያንዳንዱን ጅብ በስሙ ይጠራል፤ ቁጡውን ከጨዋው ይለያል። ጅቦቹም በግንቡ ቀዳዳ እየገቡ የከተማውን ቆሻሻ ሲያጸዱ የኖሩ፣ ሰው አካሄዳቸውን የሚያውቅላቸው የሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። ያም ሆኖ ሥጋውን ማንም መንገደኛ ብቻውን ይዞ አይቀርብም፤ ጅብ አብላዩ አጠገቡ ቆሞ ነው።

ከጀልባ ላይ ሥጋ የሚወረውር አስጎብኚ ግን ከሥር የሚመጣውን አያውቀውም። የትኛው ሻርክ እንደሚመጣ፣ ከበላ በኋላ የት እንደሚሄድ፣ ነገ ማንን እንደሚጠጋ የሚነግረው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ግብፅ ሻርም ኤል ሼክ ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ አራት ዋናተኞች በሻርክ ቆሰሉ፤ አንዲት ጀርመናዊት ደግሞ ሞተች። ከቀረቡት ማብራሪያዎች ሁለቱ ልብ ይባሉ፤ አንዱ ጠላቂዎች ሻርክን በእጅ ማብላታቸው ነው። ሁለተኛው ለአረፋ በግ የጫኑ መርከቦች በመንገድ የሞተባቸውን ወደ ባሕር መጣላቸው ነው። ከሐረርጌ ምድር ተነስቶ ከጅቡቲና ከበርበራ ወደ ዓረብ አገር የሚጫነውን በግና ፍየል ለድሬ ነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የእንስሳት መርከብ ከሚመላለስበት አጠገብ አትዋኙ፤ ሻርክ ለመሳብ ሥጋ ከሚጥል ጀልባ ላይም ገንዘባችሁን አስመልሳችሁ ውረዱ።

«ኧረ ሁሉም ተረት ነው፤ ሻርክ ሰው አይነካም»

የተማረ ሰው ስህተት ነው። በዚያው በግብፅ፣ በቀይ ባሕር ዳር ሁርጋዳ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሁለት ሴቶች፣ በ2023 ደግሞ አንድ ሩሲያዊ ወጣት በሻርክ ተገድለዋል። ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ፣ ውኃው ሲደፈርስ፣ መረብ በሚጎተትበትና የዓሣ አንጀት በሚጣልበት አጠገብ አለመግባት ይህን ትንሽ አደጋ ይበልጥ ያሳንሰዋል። ሻርክ ከታየ ዓይን ሳይነቅሉ፣ ሳይንቦጫረቁ ወደ ጀልባው ማፈግፈግ ነው። አፍንጫውን በቡጢ መምታት የሚለው ምክር አፉ የት እንዳለ የረሳ ምክር ነው፤ ከያዘ ግን ዓይኑና ስንጥቦቹ ላይ መታገል ነው።

«ቡል ሻርክ ወንዝ ይወጣል፤ ስለዚህ አዋሽም ያስፈራል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ በዛምቤዚ ወንዝና በኒካራጓ ሐይቅ ተገኝቷል። አዋሽ ግን ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አዋሽ ላይ የሚያስፈራው አዞ ነው።

«ጠላቂ ከዋናተኛ ይበልጥ ለሻርክ ይጋለጣል»

በመዝገቡ ውስጥ የሚበዙት በውኃው ገጽ ላይ ያሉት ናቸው፤ በሰሌዳ ማዕበል የሚጋልቡና ዋናተኞች። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የጠለቀ ሰው የሚነከሰው ከእነሱ ባነሰ ቁጥር ነው። ለእኛ አገር ጠላቂ የሚያስጨንቀው የመልስ ጉዞው ነው። ጥልቀት ውስጥ በግፊት የተነፈስነው ናይትሮጅን ሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈልጋል። ከዚያ በፊት የአየሩ ግፊት ወደሚያንስበት ከፍታ የወጣ ሰው ጋዙ በደሙና በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ አረፋ ሊሠራበት ይችላል። አውሮፕላን ብቻ አይደለም ከፍታ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው ወደ 1,900 ሜትር ይጠጋል። ለበረራ የተቀመጠው መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12፣ ደጋግመው ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው፤ ወደ ተራራ ለሚወጣም ይኸው ጠቃሚ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠልቆ ከሰዓት ባቡር መሳፈር የለም፤ ጅቡቲ አድሮ ነው። በቱቦ እየተነፈሱ ላይ ላዩን ብቻ ለዋኙት ይህ አይመለከታቸውም። ቤት ከገቡ በኋላ ትከሻ ወይም ጉልበት ላይ ያልተለመደ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ማዞር የተሰማው ጠላቂ ግን የጉዞ ድካም ነው ብሎ አይተኛ፤ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ከሁሉ አስቀድሞ መቼና ምን ያህል እንደጠለቀ ይናገር።