የእርግዝና ክትትል 8 ጊዜ ነው ሲባል ምን ማለት ነው?

«4 ጊዜ አልነበረም እንዴ?» የሚል ብዙ ነው። ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ወደ 8 ከፍ ያደረገው። 8 ሲባል ግን በየወሩ አንዴ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ነው፤ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው። ወደ መጨረሻው የሚጠጋጋው፣ የደም ግፊትን የመሰለ አደጋ በብዛት የሚመጣው ያኔ ስለሆነ ነው። ሳምንቱ የሚቆጠረው ደግሞ የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ ሆዷ እስኪገፋ የጠበቀች እናት፣ በተለይ ጤና ጣቢያው የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነባት፣ የመጀመሪያው ያመልጣታል። ቢዘገይም ግን ትሂድ! በ28ኛው ሳምንት የመጣችን እናት «አልፎሻል» ብሎ መመለስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ግፊቷ ይለካ፣ ደምና ሽንቷ ይመርመር፣ የጽንሱ የልብ ምት ይደመጥ።