አልካሊ ብረቶች፦ ባሕርያቸውና አጸግብሮታቸው

አልካሊ ብረቶች የሚባሉት በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ የመጀመሪያ ምድብ የሚገኙት ሊቲየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ሩቢዲየም፣ ሲዚየምና ፍራንሲየም ናቸው። ሃይድሮጅን በዚሁ ዓምድ ራስ ላይ ቢቀመጥም ከቤተሰቡ አይቆጠርም፤ ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ኬሚስቶች ዛሬም ይከራከራሉ።

የባሕርያቸው ሁሉ ምንጭ በአቶማቸው ውጨኛ ክፍል ያለችው አንዲት ኤሌክትሮን ናት። በሠንጠረዡ ወደ ታች ሲወረድ ይህች ኤሌክትሮን ከኒውክለሱ ትርቃለች፤ እሷን ለማላቀቅ ለሊቲየም በሞል 520 ኪሎጁል ሲያስፈልግ ለሲዚየም 376 ይበቃል። ኤሌክትሮናቸውን ለመስጠት እንዲህ የፈጠኑ በመሆናቸው በተፈጥሮ ንጹሕ ሆነው አይገኙም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በ1807 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በቀለጠ ፖታሽ (የፖታሲየም ውሁድ) ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ፖታሲየምን፣ ብዙም ሳይቆይ ሶዲየምን ነጥሎ አወጣ። ይህ ከኬሚስትሪ ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። ሊቲየም በ1817፣ ሲዚየምና ሩቢዲየም በ1860 እና በ1861፣ ፍራንሲየም በ1939 ተገኙ።

ሶዲየም በቢላዋ ይቆረጣል። አዲሱ ገጽ እንደ ብር ያበራል፤ አየር ሲነካው ግን ወዲያውኑ ይደበዝዛል። ፊኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ቀለሙን የሚቀይር ጠቋሚ) በተጨመረበት ውኃ ላይ ትንሽ ቁራጭ ሲጣል ቀልጦ ድቡልቡል ይሆንና እየተንሿሿ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፤ ባለፈበትም ውኃው ሐምራዊ ሮዝ ይሆናል። የሚፈጠረው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። ፖታሲየም ግን ወዲያው በሐምራዊ ነበልባል ይያያዛል።

እነዚህ ብረቶች ውኃ ሲነኩ የሚከሰተው ፍንዳታ ለረጅም ጊዜ በሃይድሮጅኑ መቀጣጠል ብቻ ሲብራራ ኖሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ የተነሡ ምስሎችን ይዞ ሌላ ምክንያት አቀረበ፦ ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውኃው ሲያመልጡ የቀሩት ፖዘቲቭ አዮኖች (ኤሌክትሮን ያጡ አቶሞች) እርስ በርስ ይገፋፉና ብረቱ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ እሾህ መሰል ጫፎች አውጥቶ ይበታተናል። ማስረጃው ጠንካራ ነው።

ሊቲየም ለየት ይላል። በውኃ ውስጥ አዮን የመሆን ዝንባሌው ከሁሉም የበረታ ቢሆንም አጸግብሮቱ ዝግ ያለ ነው፤ የሚቀልጠው በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ጠጣር እንደሆነ ይቆያል፣ ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ገጽም አይታደስም። ሲዚየም በ28.5 ዲግሪ ይቀልጣል። ከናይትሮጅን ጋር በተራ ሙቀት የሚዋሐደውም ከምድቡ ሊቲየም ብቻ ነው።

ሶዲየምና ፖታሲየም በዘይት ውስጥ ይቀመጣሉ። ሊቲየም ግን በዘይቱ ላይ ስለሚንሳፈፍ በቫዝሊን ይሸፈናል ወይም በአርጎን ጋዝ ይታሸጋል። ብዙ የቆየ ፖታሲየም ቢጫ ቅርፊት ካወጣ መቁረጥ አደገኛ ነው፤ ቅርፊቱ ሱፐሮክሳይድ (ኦክሲጅን የበዛበት ውሁድ) ስለሆነ ከዘይቱ ጋር ሲጫን ሊፈነዳ ይችላል። እሳት ቢነሣ ውኃም ሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እሳቱን ያባብሰዋል፤ የሚታፈነው ለብረት እሳት በተዘጋጀ ዱቄት ነው።