«ኢሚዩኒቲዬን አጠናክሬ እመለሳለሁ»

በወር ስንቴ እንደምሰማው መቁጠር ትቻለሁ። ሥራዬ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው። የማህፀን በሩን በአሴቲክ አሲድ፣ ማለትም በቀጭን ኮምጣጤ፣ እቀባለሁ። ነጭ ለውጥ፣ ማለትም የቅድመ ካንሰር ምልክት፣ ከታየ ብዙ ጊዜ እዚያው፣ በዚያው ቀን፣ በሙቀት መሣሪያ በደቂቃዎች ይታከማል። ሴትየዋ ግን ቦርሳዋን ታነሳና «ሲስተር፣ ትንሽ ኢሚዩኒቲዬን አጠናክሬ እመለሳለሁ» ትለኛለች። ማር በነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሽፈራው፣ ከፋርማሲ ደግሞ የቫይታሚን ኪኒን።

ወደዚህ ከመግባቴ በፊት ትንንሾቹን የተሳሳቱ ወሬዎች ልጥረግ።

«ኤችፒቪ ያው ኤችአይቪ ነው።» አይደለም። ኤችፒቪ የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የሚመሳሰለው ስማቸው ብቻ ነው።

«ምንም አያመኝም።» ቅድመ ካንሰር አያምም። ምርመራው የተፈጠረው ለዚሁ ነው።

«ኮንዶም እንጠቀማለን።» ጎበዞች። ይቀንሳል፤ ግን ቫይረሱ በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ ሙሉ በሙሉ አያስቀርም።

«ከተገኘብኝ ባሌ ሰሞኑን ወስልቷል ማለት ነው።» ቫይረሱ ለዓመታት አድፍጦ ይቀመጣል። ከማን፣ መቼ እንደመጣ የሚናገር ምርመራ የለም። በዚህ ምክንያት የተጣሉ ባልና ሚስት አስታርቄ አውቃለሁ፤ የሥራ ዝርዝሬ ላይ ግን የለም።

«ክትባቱ ያመክናል።» አያመክንም። በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው፣ ዘረመል የለውም። እኛ አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። የኔም ልጅ ወስዳለች።

አሁን ወደ ኢሚዩኒቲው።

ሰዉ የሰውነትን መከላከያ እንደ ስልክ ባትሪ ነው የሚያስበው። ሲቀንስ ቻርጅ ማድረግ፣ ሲሞላ መተኛት። ነገሩ እንደሱ ቢሆን እኔም በተገላገልኩ።

ገጠር ያደገ ሰው ኡኡታን ያውቃል። ሌሊት ሌባ ሲገባ የጎረቤት ጉልበት ብቻውን አያድንም። መጀመሪያ አንድ ሰው ኡኡ ማለት አለበት። ሴሎቻችንም እንዲሁ ናቸው። ቫይረስ የገባበት ሴል ኢንተርፌሮን የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። ኡኡታው ይህ ነው። ጎረቤት ሴሎች በራቸውን ይዘጋሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችም ይነቃሉ። እንዲህ ያሉት መልእክተኞች በጥቅሉ ሳይቶካይን ይባላሉ።

ኤችፒቪ ታዲያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ አፍ ያፍናል። ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉት ፕሮቲኖቹ ኢንተርፌሮን እንዳይወጣ፣ ቢወጣም እንዳይሰማ ያደርጋሉ። (ሴሉን ወደ ካንሰር የሚገፉትም እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።) ቫይረሱ ደም ውስጥ አይዞርም፣ የማህፀን በሩ ሽፋን ላይ ብቻ ይቆያል። ሴሉንም አያፈነዳም። ስለዚህ ትኩሳት የለም፣ እብጠት የለም፣ ግርግር የለም። ዘበኛው ጎረምሳ ነው፣ ጠግቦ በልቷል፣ ማርም ጠጥቷል። ግን ማን ጠራው?

ያም ሆኖ ከአሥር ሴቶች በዘጠኙ ላይ ሰውነት ቆይቶ ይነቃል፤ ቫይረሱም በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ይጠፋል ወይም በምርመራ የማይገኝ ይሆናል። የማሩ ዝና የመጣው ከዚህ ነው። እሷ ማር ስትልስ ሰውነቷ ሥራውን ይጨርሳል፣ ምስጋናውን ማሩ ይወስዳል። ከዚያ ለእህቷ ትነግራለች። እህቷ ግን አሥረኛዋ ልትሆን ትችላለች።

አሥረኛዋ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። ቫይረሱ በቆየበት ቦታ ላይ ኢንተርሉኪን 10 እና ቲጂኤፍ ቤታ የሚባሉ ሌሎች መልእክተኞች ይበዛሉ። የእነሱ መልእክት «ተረጋጉ፣ ምንም የለም፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» ነው። ኢንተርሉኪን 6 ደግሞ በተቃራኒው ብግነት ያስነሳል። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል አይደል? ነገር ግን ሲበዛና ሲሰነብት ዕጢው እንዲያድግ ያግዛል። እንግዲህ የትኛውን ነው የምታጠናክሪው? ጠሪውን? አስተኚውን? ወይስ ዕጢ መጋቢውን? ነጭ ሽንኩርቱ ለይቶ ያውቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ38 ዓመት እናት ነጩን ለውጥ አሳይቻት «ልጠናከርና እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ስልኳን ይዤ ደወልኩ። «ደህና ነኝ ሲስተር፣ እንደውም ኪሎ ጨምሬያለሁ» አለችኝ። ስትመለስ ከግንኙነት በኋላ እየደማች ነበር። ያኔ ጉዳዩ በደቂቃዎች የሚያልቅ አልነበረም። ጨረር ሕክምና ወዳለበት ላክኳት፣ ወረፋ ያዘች። ኪሎዋን በውነትም ጨምራ ነበር።

እውነት የሆነውን አልክድም። መከላከያን የሚያዳክም ነገር በርግጥ ለውጥ ያመጣል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ካንሰሩ በሌላው ሰው 15 እና 20 ዓመት የሚወስድበትን መንገድ ኤችአይቪ ኖሮባቸው መድኃኒቱን በማይወስዱ ሴቶች ላይ በ5 እና በ10 ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። ስለዚህ ኤችአይቪ በደምሽ ካለ መድኃኒትሽን ሳታቋርጪ ውሰጂ። ምርመራውንም 30 ዓመት እስኪሞላሽ አትጠብቂ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ላንቺ ከ25 ጀምሪ ይላል። ሲጋራ ካለ ይቅር። ጂም? ሂጂ፣ ማን ከለከለሽ። ሕክምናውን ግን አይተካም።

ኡኡታውን በውነት የሚያስነሳ ነገር ከፈለግሽ ክትባቱ ነው። ባዶው ቅርፊት ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ አፍ የሚያፍን ኢ6 እና ኢ7 አብሮት የለም። ሰውነት በደንብ ይደነግጣል። የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካልም በተፈጥሮ ከተያዘች ሴት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን የሚጠብቀው ገና ያልገባን ቫይረስ ነው፣ የገባውን አያስወጣም። ለዚህ ነው ለልጅሽ የምንሰጠውና አንቺን አልጋው ላይ ውጪ የምንልሽ።

ባለፈው ሳምንት አንዷን ይህን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ነጭ ሽንኩርቱን ላቁም?» አለች።

«ወጥ ውስጥ ጨምሪው» አልኳት። ሳቀችና ጫማዋን አወለቀች።