«ናኖ እርድ» ለምትጠይቁኝ ሁሉ

ፋርማሲ የሚሠራ ሰው ስለ እርድ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ አታውቁም። አሁን ደግሞ «ናኖ» (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት ማለት ነው) የሚል ስም ተለጥፎበት ለካንሰር ተብሎ በቴሌግራም ይሸጣል። ከታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸው ሰዎች የሚሉኝ ናቸው።

«እርድ የካንሰር ሴል ይገድላል፤ የቀረው ማድረስ ብቻ ነው»

እኔን የሚያበግነኝ ይሄኛው ነው። እርድን ቢጫ ያደረገው ኩርኩሚን ላቦራቶሪ ውስጥ የካንሰር ሴል ይገድላል፤ አልካድኩም። በረኪናም ይገድላል። ኩርኩሚን ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ከአንጀት ያለፈችውንም ትንሽ ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወግዳታል። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በወጣ የአሜሪካ ጥናት የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በየቀኑ 8 ግራም ዋጡ። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኢምንት ነው። ውጤታቸው ከተገመገመ 21 ሰዎች የመሥራት ምልክት የታየው በ2ቱ ብቻ ነበር። የአንዱ ዕጢ ቢቀንስም አልቆየም።

ናኖ ተሸካሚ፣ ማለትም ኩርኩሚኑን ይዞ የሚጓዘው ደቃቅ ቅንጣት፣ የሚያቃልለው በዋናነት የመሟሟትን ጣጣ ነው። ከተሸካሚው ሲወጣ ያው ኩርኩሚን ነው፤ ጉበትም እየጠበቀው ነው።

ከዩው ዛፍ ቅርፊት የተገኘውን ፓክሊታክሴልን እዩ። እሱም ውሃ አይወድም። ግን በሽተኛ ላይ ተፈትኖ በ1992 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ነው። ማሟሚያው ከጉሎ ዘይት ስለሚሠራና አለርጂ ስለሚቀሰቅስ፣ አስቀድሞ ስቴሮይድ የተባለ አለርጂ ማብረጃ ይሰጣል። በተለመደው አሰጣጥ 3 ሰዓት በደም ሥር ይንጠባጠባል። በ2005 አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር 130 ናኖሜትር ገደማ ቅንጣት ሆኖ መጣ፤ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ናኖው የቀየረው ማሟሚያውን ነው። መድኃኒቱ መጀመሪያውኑ መድኃኒት ነበር።

«ናኖ ዕጢውን ብቻ ለይቶ ይመታል»

ናኖ ፓክሊታክሴል የወሰደ ሰውም ፀጉሩ ይረግፋል፣ ነጭ የደም ሴሉ ይወርዳል፣ እግሩ ይደነዝዛል። በ2016 በርካታ የእንስሳት ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የደረሰው መካከለኛ መጠን 0.7 በመቶ ነበር።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም»

በ2017 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኩርኩሚን በደም ሥር ወስደው ከታመሙ ሁለት ሰዎች አንዷ መሞቷን አሳወቀ። እዚያም ማሟሚያው ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ነበር።

«ቁንዶ በርበሬ ጨምሩበት»

ደም ውስጥ የሚገባውን ኩርኩሚን ይጨምራል፣ እውነት ነው። የሚጨምረው ግን የጉበትን ሥራ በማዘግየት ነው። ያው ጉበት ኬሞውንም ያስወግዳል እኮ! አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ የላከላቸውን እንክብል ኬሞ እየወሰዱ ይውጡት ነበር። ገልብጬ ሳነብ ፒፔሪን ይላል፤ የቁንዶ በርበሬው ንጥረ ነገር። ሐኪማቸው ስለ እንክብሉ አያውቁም ነበር።

እባካችሁ ጠርሙሱን ይዛችሁ ለካንሰር ሐኪማችሁ አሳዩ። ስሙን በቃል አትንገሩ፣ ጀርባውን ያንብቡት። ወጥ ውስጥ የሚገባውን እርድ የከለከለ የለም።