በሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ የከተማው ልጆች ውክልና ምንድን ነው?

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ፌስቲቫል ፖስተር በወጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ የከተማው ልጆችስ የታሉ? የአካባቢ አርቲስቶች ውክልና የሚባለው ይኸው ነው። ፌስቲቫሉ የሚካሄድበት ከተማ ዲጄዎችና ፕሮዲውሰሮች ምን ያህል ቦታ አግኝተዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ፖስተሩ ላይ ያለውን ስም ቆጥሮ ያበቃል። እኔ ግን ቆጠራው ብዙ አይነግረንም ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ በር ገና ሲከፈት የሚጫወት ዲጄ አለ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከፊቱ ያሉት የድምፅ ባለሙያዎችና ቀድመው የደረሱ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የሚወጣውን ደግሞ ሜዳው ጢም ብሎ ይጠብቀዋል። የከተማው ልጆች በሙሉ 8 ሰዓት ላይ ከተደረደሩ፣ ቁጥራቸው ቢበዛም ተወከሉ ማለት ይከብዳል።

ከሰዓቱም በላይ ግን መራጩ ማን እንደሆነ ወሳኝ ነው። የአሜሪካዋን ከተማ ዲትሮይትን እንውሰድ። ቴክኖ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዓይነት የተወለደው እዚያ ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ እንደ ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን ባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ወጣቶች እጅ። ሙዚቃው ለንደንንና በርሊንን ሲያስጨፍር በገዛ አገሩ ብዙም ቦታ አላገኘም ነበር። በ2000 እ.ኤ.አ. በወንዙ ዳር ባለው ሃርት ፕላዛ የመጀመሪያው ፌስቲቫል በነፃ ተካሄደ። አርቲስቶቹን የመረጠው የዲትሮይቱ ልጅ፣ የቴክኖ ፕሮዲውሰሩ ካርል ክሬግ ነበር። በ2001 ሁለተኛው ፌስቲቫል ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ከኃላፊነቱ ተነሳ። የከተማው አድናቂ በቁጣ ነደደ። እውነቱን ነው! ሰው የተቆጣው የመምረጡ ሥልጣን ሙዚቃውን ከሠሩት ሰዎች እጅ ስለወጣ ነው። በኋላ በ2003 ዴሪክ ሜይ፣ በ2005 ደግሞ ሳውንደርሰን ፌስቲቫሉን መርተውታል። ከ2006 ጀምሮ «ሙቭመንት» በሚለው ስም የሚያዘጋጀው ፓክሳሃው የተባለው ድርጅትም የዚያው የዲትሮይት ነው።

ታዳሚ የማያየው ሌላ ነገር ደግሞ ውሉ ነው። አንዳንድ ፌስቲቫሎች አርቲስቱ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ለሳምንታት በአቅራቢያው እንዳይጫወት የሚከለክል አንቀጽ ያስገባሉ። ከበርሊን ለሚመጣ ዲጄ ይህ ምንም አይደለም፤ በማግስቱ ሌላ አገር ይጫወታል። ለከተማው ልጅ ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። በየሳምንቱ ክለብ እየሠራ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው፣ ለአንድ ሰዓት መድረክ ሲል የወር ገቢውን ሊያጣ ይችላል። ለዚያውም የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል ስለማያስፈልገው ለአዘጋጁ ርካሹ አርቲስት እሱ ነው። ስለዚህ የከተማው አርቲስት ከመፈረሙ በፊት ይህ አንቀጽ እንዲነሳለት፣ አለዚያም የሚቀርበት ገቢ ክፍያው ላይ እንዲታሰብለት ቢጠይቅ መብቱ ነው።